ማኅበራችን ለቀብር ብቻ ነው ወይስ ለኑሮም?

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በጉባኤው ዕለት የተናገርሁት ቃል በጽሑፍ ሆኖ በዚህ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ኮሚቴው ስለ ጠየቀኝ፣ ያን ቀን ያልተገኛችሁትም እንድታነቡት ስል እንደሚከተለው አቅርቤዋለሁ። ያልተገኛችሁት ደግሞ ከተገኛችሁት ትበዛላችሁ። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ ሰው ከስብሰባ የሚቀርበት ምክንያት አለው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ማኅበር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 404 ማኅበር ማለት ሁለት ወይም ከዚያ የበለጡ ሰዎች ትርፍ ለማግኘት ወይም ለመካፈል ላልሆነ ዓላማ የሚያቋቁሙት ኅብረት መሆኑን ደንግጓል። ነገር ግን የጉና ሥር ገበሬ በደቦ ሲያጭድ፣ በወንፈል ሲያርስ፣ የጽዋ ማኅበሩን በየወሩ ሲያዞር፣ ሌባ ሲጠፋበትም በአውጫጭኝ ተቀምጦ ሲመረምር አንቀጽ ቁጥር አልጠየቀም። አንዱ ለሌላው የሚሰጠው ጉልበት በመዝገብ ባይጻፍም በልብ ይጻፍ ነበር፤ ዛሬ ከእርሻህ የዋለ ሰው ነገ ከእርሻው እንደምትውል ያውቃል።

እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ መካከል በከተማ ጸንቶ የቀረው እድር ነው። ለምን? ይህን ጥያቄ በደንብ ብናየው ለማኅበራችን አያያዝ ትልቅ ትምህርት ይገኝበታል። በእኔ አስተያየት ምክንያቱ እንዲህ ነው። እድር የሚሠራው ሥራ በግልጽ የታወቀ ነው፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚው ይወጣል፣ ድስቱና ሳህኑ ይደርሳል፣ መቃብሩ ይቆፈራል፣ ሐዘንተኛው ለብቻው አያድርም። መዋጮው ትንሽ ነው፣ ቀኑም የታወቀ ነው። ቀብር የቀረ ሰው ይቀጣል፤ ቅጣቱም ለሀብታሙም ለድኻውም አንድ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ማንም ሰው «ይሄ ለእኔ አያስፈልገኝም» ብሎ የሚወጣበት ነገር አይደለም፤ ሞት የሁሉም ነውና። እስቲ ሌላውን ኮሚቴ ሁሉ አስቡት፤ የመንገድ ኮሚቴ፣ የጽዳት ኮሚቴ፣ የመብራት አስመጪ ኮሚቴ። ስንቱ ተመሥርቶ ስንቱ ቀረ? ሥራው የት ላይ እንደሚጀምርና የት ላይ እንደሚያበቃ ስለማይታወቅ፣ ሰው ገንዘቡን ሰጥቶ ምን እንደ ተሠራበት ስለማያይ በራሱ ጊዜ ይፈርሳል።

አሁን ወደ ስብሰባው ልመለስ። ስብሰባ የሚለው ቃል በእኛ ትውልድ ጆሮ ላይ ከባድ ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. ሲወጣ የከተማ ነዋሪዎች በየሰፈራቸው ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ነበር ያዘዘው። ቀበሌ የምንለው ከዚያ መጣ። በወረቀት ላይ የተሰጠው ሥራ ክፉ አልነበረም፤ አነስተኛውን የቤት ኪራይ እስከ 100 ብር ድረስ እየሰበሰበ መንገዱን፣ ትምህርቱንና ጤናውን እንዲያይ፣ የጎረቤትን ክርክር የሚሰማ ሸንጎም እንዲኖረው ነበር። ነገር ግን ወዲያው የጸጥታ ሥራ ተጫነበት። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በከተሞቻችን የሆነውን ያየ ሰው ያውቃል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚፈራበት ዘመን ሆነ። ከዚያ ወዲህ «ቀበሌ ይፈልግሃል» ሲባል የማይደነግጥ አልነበረም። ስብሰባ መቅረት ያስጠይቅ ስለ ነበር ሰው ይገባል፣ ግን አፉን ዘግቶ ይወጣል። ዛሬ ማንም ሳያስገድደው ሲጠራ ሰው የሚቀረው በከፊል የዚያ ትዝታ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ልጆቻችን ያን ዘመን አላዩትም፤ ከእኛ ግን ወርሰውታል።

ይህ የእኛ ብቻ ዕድል አይደለም። በጃፓን አገር ቾናይካይ የሚባሉ የሰፈር ማኅበራት አሉ። ቆሻሻ የሚጣልበትን ቦታ በተራ ይጠብቃሉ፣ በዓል ያዘጋጃሉ፣ የእሳትና የመሬት መንቀጥቀጥ ልምምድ ያደርጋሉ። እነሱንም በ1940 እ.ኤ.አ. መንግሥት ለጦርነቱ መሣሪያ አድርጎ፣ ራሽን እንዲያከፋፍሉና ሰውን እንዲቆጣጠሩ አስገደዳቸው። በዚህም የተነሣ ከጦርነቱ በኋላ በ1947 እ.ኤ.አ. እንዲፈርሱ ታዘዘ። ሕዝቡ ግን በራሱ መልሶ አቋቋማቸው። በ1995 እ.ኤ.አ. ኮቤ ከተማን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲያፈርሳት ከፍርስራሽ ሥር ወጥተው ከተረፉት ውስጥ እጅግ የሚበዙትን ያወጧቸው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሳይሆኑ የገዛ ቤተሰባቸውና ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። ማን በየትኛው ክፍል እንደሚተኛ የሚያውቅ ጎረቤት ነዋ! የተበላሸ ማኅበር ሊታደስ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ስለ ገንዘብ ልናገር፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ታገሡኝ። ማኅበር የሚፈርሰው በጠብ ነው ይባላል እንጂ እኔ እንዳየሁት በሐሜት ነው፤ ሐሜቱ ደግሞ የሚመጣው ከመዝገብ ጉድለት ነው። ገንዘብ ያዡ ታማኝ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ደረሰኝ ሳይቆርጥ ከተቀበለ ግን ታማኝነቱን የሚመሰክርለት ነገር የለውም። ስለሆነም ከአሁን በኋላ ያለ ደረሰኝ አንድም ብር አይሰብሰብ። ለምሳሌ መቶ ቤተሰብ በወር 20 ብር ቢያዋጣ በወር 2,000፣ በዓመት 24,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ በሰው ቤት ሳጥን ውስጥ የሚያድር ገንዘብ አይደለም። በባንክ በማኅበሩ ስም ይቀመጥ፤ ሲወጣም ሊቀ መንበሩ፣ ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው ሦስቱም ይፈርሙ። ለድንገተኛ ቀብር የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በገንዘብ ያዡ እጅ ቢቀር መልካም ነው፤ ሞት የባንክ ሰዓት አይጠብቅም። መጠኑ ግን በደንቡ ላይ ይጻፍ።

በቴሌብር መክፈል የለመዳችሁ ወጣቶችም አላችሁ። ክፉ አይደለም፤ የማይጠፋ ማስረጃ ይተዋል። ነገር ግን ገንዘቡ ወደ ግለሰብ ስልክ የሚገባ ከሆነ ከሳጥኑ በምን ይሻላል? ሰውየው ስልኩን ቢጥል፣ አገር ቢለቅ፣ ወይም እግዜር አያድርገውና ቢሞት ገንዘቡ የውርስ ክርክር ይሆናል። በማኅበሩ ሒሳብ በኩል ይሁን።

በየሦስት ወሩ ደግሞ ሒሳቡ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ቀረ። ረጅም ሪፖርት አያስፈልግም። ተቆጣጣሪዎቹ ሁለት ሰዎች ሆነው ከኮሚቴው ውጪ ይመረጡ፤ የኮሚቴው አባል ዘመድም አይሁኑ። ይህን ስል አንዳንዱ ቅር እንደሚለው አውቃለሁ፤ «እኛ ሌቦች ነን ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደላችሁም። ቁጥጥር የሚጠቅመው ከሁሉ በፊት ገንዘብ ያዡን ነው፤ ከሰው አፍ ያድነዋል። ደግሞም አስታውሱ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 እድርንና እቁብን አይመለከትም። በዚያ አዋጅ ተቆጣጣሪ መጥቶ መዝገባችንን አያይልንም ማለት ነው። ከራሳችን ደንብ በቀር ጠባቂ የለንም።

ውዝፍ ያለበትን አባል በተመለከተ በጉባኤው ላይ ብዙ ጩኸት ነበር። ከፊሉ «ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዝ» ብሏል። እኔ በዚህ አልስማማም። በአሜሪካ አገር የቤት ባለቤቶች ማኅበራት የሚባሉ አሉ፤ መንገዱን፣ ሣሩንና አጥሩን በጋራ የሚያስተዳድሩ ናቸው፤ መዋጮውም ግዴታ ነው። በብዙ ክፍላተ አገራቸው መዋጮውን ያልከፈለ ሰው ቤቱ እስከ መሸጥ ድረስ ሊደርስበት ይችላል። ሥርዓቱ ይከበራል፣ ሣሩም ይታጨዳል፤ ጎረቤቱ ግን ማኅበሩን እንደ ባለዕዳ ነው የሚያየው፣ ስሙን ሲሰማ ፊቱን ያዞራል። ሌላ መንገድ አለ። ወይዘሮ ኤሊኖር ኦስትሮም የተባሉት ምሁር፣ በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ካገኙት ሰዎች መካከል የመጀመሪያዋ ሴት፣ በየአገሩ የጋራ ግጦሽን፣ የጋራ ውኃንና የጋራ ደንን ለረጅም ዘመን ጠብቀው የኖሩ ሕዝቦችን ሲያጠኑ ያገኙት ነገር ቢኖር ቅጣቱ በደረጃ የሚሄድ መሆኑ ነው፤ መጀመሪያ ተግሣጽ፣ ቀጥሎ ትንሽ ቅጣት፣ ከባዱ ለደጋጋሚው ብቻ። ደንቡንም ያወጡት ራሳቸው ተጠቃሚዎቹ ናቸው። የእኛ ሽማግሌዎች ይህን ሳይማሩት ያውቁታል። ስለዚህ ውዝፍ ያለበት ሰው ቤት ሁለት ሽማግሌ ይላክ። «ምን ሆነሃል?» ይባል። ታሞ ከሆነ፣ ሥራ ፈትቶ ከሆነ፣ ልጅ ሞቶበት ከሆነ በጊዜ ይከፋፈልለት። እያለው የማይከፍል ከሆነ ደግሞ ያኔ ቅጣቱ ይምጣ። ጧሪ የሌላቸው እናቶች ግን መዋጮው ሙሉ በሙሉ ይቅርላቸው፤ ስማቸውም በሰሌዳ ላይ አይለጠፍ። የድኻን ስም በአደባባይ መለጠፍ ነውር ነው።

የጎርፍ መውረጃውን ቦይ ጉዳይ ባጭሩ ልናገር። ሰኔ ሳይገባ ካልተጠረገ ሐምሌ ላይ ከላይ ያለው ቤት ውኃውን በሙሉ ለታችኛው ይልካል፤ የቆርቆሮውም ጠፈጠፍ እንዲሁ። በየዓመቱ የምንጣላው በዚህ ነው። እያንዳንዱ ከደጁ ፊት ያለውን ይጥረግ የሚለው ሐሳብ ደስ ይላል፣ አይሠራም፤ መካከል ላይ አንድ ሰው ቢቀር ውኃው ከእርሱ ላይ ይቆምና ወደ ላይኛው ይመለሳል። በአንድ ቀን ሁሉም ወጥቶ ከታች ወደ ላይ መጥረግ አለበት። ከታች መጀመር ነው፣ ከላይ አይደለም፤ ከላይ የጀመርህ እንደ ሆነ ጭቃውን ወደ ጎረቤትህ እየገፋህ ነው። ጉልበት የሌለው ቡና ያፍላ። ገንዘብ ከፍሎ መቅረት ለሚፈልግ ይፈቀድ ወይ? አይፈቀድ እላለሁ። ባለ ገንዘቡ ከቀረ ድኻው ብቻ ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ያ ደግሞ የቀን ሥራ ይባላል እንጂ ደቦ አይባልም። የኮሚቴው ሊቀ መንበርም አካፋ ይያዝ።

ይህችን ነገር ካነሣሁ ዘንድ፣ አጤ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ መንገድ ስላልነበረ እየሠሩ ነው የሄዱት፤ ስድስት ወር ገደማ ፈጀባቸው። ንጉሡ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ፣ ጉድባ ይሞሉ እንደ ነበር በዚያ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። እርሳቸው ከሥራው ሳይነሡ ማንም አይነሣም ነበር። በእርግጥ ያ በንጉሥ ትእዛዝና በፍርሃት የተሠራ ሥራ ነው፣ ከእኛ ጋር አይመሳሰልም። እኛ የምናዝበት ጅራፍም ሆነ እስር ቤት የለንም። ያለን አካፋውን ቀድሞ የሚይዝ ሰው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። ይኸውም ተከራዮችና አዲስ ገቢዎች የማኅበሩ ሙሉ አባል ይሁኑ ወይስ አይሁኑ የሚለው ነው። ጉባኤው በዚህ ላይ ሳይወስን ተነሥቷል። «ቤቱ የእኛ ነው፤ ተከራይ ዛሬ አለ ነገ የለም፤ ድንኳኑን የገዛነው እኛ ነን» ያላችሁ አላችሁ። ድንኳኑን መግዛታችሁ እውነት ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ነው።

እድር የከተማ ፍጥረት ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች መነሻውን በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ያደርጉታል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፋ። ማን ፈጠረው? በርስቱ ላይ የተቀመጠ ሰው እድር ምን ያደርግለታል? ዘመዱ አለ፣ አጥቢያው አለ፣ የአባቱ መቃብር አለ። እድርን የፈጠረው ከአገሩ ወጥቶ በሰው ከተማ የተቀመጠ፣ ቢሞት የሚያነሣው ዘመድ የሌለው መጤ ነው። ታዲያ መጤ የፈጠረውን ማኅበር መጤ አይገባበትም ማለት እንዴት ይሆናል? የእኛም አባቶች ቢሆኑ ከየገጠሩ ወደዚህ የመጡት መንገዱን ተከትለው ነው። ከወረታ እስከ ወልዲያ ያለውን፣ የቻይና መንገድ የምንለውን፣ ቻይናዎቹ ሠርተው ሲጨርሱ ከዳርና ከዳር ያልነበረ ቤት ሁሉ በቀለ። ከእኛ መካከል መቶ ዓመት ከዚህ ሰፈር የኖረ ቤተሰብ ካለ እጁን ያንሣ ብዬ ነበር በጉባኤው ላይ። ማንም አላነሣም።

ደግሞ ሩቅ ሳንሄድ፣ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ሲመጣ በዚሁ መንገድ ሕዝብ ሕፃን አዝሎ ወደ ደብረ ታቦር ወረደ። ደብረ ታቦር ከተማም ራሷ በከባድ መሣሪያ ተመትታ ቤተሰብ አልቆባታል። ያን ጊዜ የተፈናቀለውን ሰው «መዋጮ ከፍለሃል ወይ?» ያለው አልነበረም፤ በር ተከፈተ፣ እንጀራ ወጣ። የዚያን ሰሞን ባለቤትና ተከራይ የሚባል ልዩነት አላየሁም። ሰላም ሲሆን ልዩነቱ ከየት መጣ?

የሥጋቱን ፍሬ ግን አልንቀውም። ዛሬ ተመዝግቦ ነገ የሚሞትበት፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ቤት የሚለቅ ሰው አለ፤ ለዓመታት የከፈለው ቢከፋው አይፈረድበትም። ለዚህ መፍትሔ አለው። አዲስ ገቢ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ቀብርና ልቅሶ ሙሉ አገልግሎት ያግኝ፤ ሰው ሜዳ ላይ አይቀርምና። የገንዘብ ድጎማውን ግን ስድስት ወር ከከፈለ በኋላ ያግኝ። የመግቢያውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በዓመት ከፋፍሎ ይክፈል። ሲለቅም የዕቃው ድርሻ አይመለስለትም፤ ድንኳኑ የሰፈሩ ነው። ድምፅ ደግሞ ይኑረው። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ የታየው ችግር አንዱ ይህ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 ማኅበሩን የቤት ባለቤቶች ማኅበር አድርጎታል፤ ሆኖም ብዙው ባለቤት ቤቱን አከራይቶ ሌላ ቦታ ይኖራል። ደረጃው ሲቆሽሽ የሚያየው፣ ውኃ ሲቋረጥ የሚጠማው ተከራዩ ነው፣ ተሰብስቦ የሚወስነው ግን እዚያ የማያድር ሰው ነው። እኛ ያን ቀንበር በገዛ እጃችን ለምን እንጭናለን? ቦዩን ከእኛ ጋር የሚጠርግ ሰው ከእኛ ጋር እጁን ያውጣ።

«ማኅበር ለሟች ብቻ ሳይሆን ለሕያውም ይሁን» ስትሉ የነበራችሁ ወጣቶች፣ አውራ አምባን ሄዳችሁ እዩ። ከዚህ ሩቅ አይደለም፣ ወደ ወረታ ሲወርዱ ነው። በ1964 ዓ.ም. ዙምራ ኑሩ የመሠረቱት ነው። ሽመናው፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት፣ ሥራን በየኮሚቴ መከፋፈል፣ ሴትና ወንድ በአንድ ዓይነት ሥራ መዋል፣ ሁሉም እዚያ አለ። እምነታቸውን ወይም አኗኗራቸውን እንያዝ አላልሁም፤ እኛ የራሳችን አለን። አቅመ ደካማን መጦርን ግን የማኅበር ቋሚ ሥራ ማድረግ እንደሚቻል ያሳያሉ። የእኛ ማኅበር ብር የሚያወጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ከመሞቱ በፊት ለመድኃኒት ቢሰጠው ኖሮ? ይህን የሚመለከት አንቀጽ በረቂቁ ውስጥ ገብቷል፤ ከዓመታዊው ገቢ ከአሥር አንዱ ለታመመ አባል ይዋል የሚል ነው። ብዙ አይደለም። ይጀመር።

ስለ ስብሰባው አንድ ሁለት ነገር ብዬ ላብቃ። ቅዳሴ ሳይወጣ ወይም በጁምዓ ሰዓት መጥራት ይቅር፤ ሁለቱም ወገኖቻችን ከእኛ ጋር ናቸው፣ ለዚሁም ሲባል የልቅሶ ድስቱን ለየብቻ ገዝተናል። ስብሰባው ከሁለት ሰዓት አይለፍ። የሚነጋገሩበት ነገር ሦስት ቀን አስቀድሞ ይለጠፍ። እናቶች ከኋላ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ብቻ መዋላቸውም ይብቃ፤ ልቅሶ ቤት ሌሊቱን ሙሉ የሚሠሩት እነሱ ሆነው ሳለ የዕቃ ግምጃ ቤቱን መዝገብ የሚይዘው ሁልጊዜ ወንድ የሚሆንበት ምክንያት አይገባኝም። ስንት ሳህን እንደ ጎደለ ጠይቋቸው፣ በቃላቸው ይነግሯችኋል።

የተሻሻለው መተዳደሪያ ደንብ ረቂቅ ከዚህ ጽሑፍ አጠገብ ተለጥፏል። የሚስተካከል ነገር ያየ በጽሑፍ ለጸሐፊው ይስጥ፤ መጻፍ የማይችል በቃል ይንገረው፣ እሱ ይጽፍለታል። ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ነው። የተከራዮች አንቀጽ 7ኛው ነው፣ እሱን ሳታነቡ እንዳትመጡ። ተከራዮችም በዚያ ቀን ኑ፤ ድምፅ ገና ባይኖራችሁም የመናገር መብት እንዲሰጣችሁ ኮሚቴው ተስማምቷል።